የአውራ ጣት ወጌሻ

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ በሙሲ ወንዝ ዳር፣
የወለቀ ትከሻ ስመልስ፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ሳሽ ስኖር፣
ክብደት አንሺ ሲያቃስት፣ ሯጭ ሲያነክስ አይቼ፣
ጅማት እንደ ክር ሲበጠስ በጆሮዬ ሰምቼ፣
ዘንድሮ ፓሌምባንግ የአህጉሩን ጨዋታ ስታስተናግድ
ስሜን ፈለግሁ ከዝርዝሩ፣ ከትግሉ ወይ ከቀዘፋው ባንድ።
“ሱሊስትሪ፦ አዳራሽ አራት” ይላል። “ምን አለ እዚያ?” ብዬ ጠየቅሁ።
“ኳስ ነው፤ ግን በስክሪን” አሉኝ። ዘይቴን ይዤ፣ እየሳቅሁ ሄድሁ።

ሣር የለም፤ ጭቃ የለም፤ ላብ እንኳ የለም መሰለኝ፤
ማቀዝቀዣው ብቻ እያፏጨ አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ።
ሁለት ወንበር፣ ሁለት ስክሪን፣ ሁለት ልጅ፣ ጆሯቸው የተደፈነ፤
ሰው እንደ ስታዲየም ይጮኻል፤ የኔ ዓይን ጣታቸው ላይ ሆነ።

እዚያ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ አጥቂው ተጠልፎ ወደቀ፤
ሻንጣዬን አነሣሁ፤ እግሬ ሊሮጥ ተነቃነቀ፤
ሦስት ሰከንድ። ብድግ አለ፤ ሮጠ። ወጌሻ አልተጠራ።
ተቀመጥሁ። ዳኛው ሳቀብኝ፤ እኔም በራሴ፣ ከእርሱ ጋራ።

በሦስተኛው ቀን ኤርሜክ መጣ፤ ከቢሽኬክ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
አውራ ጣቱ አብጧል፤ የድርጭት ዕንቁላል አክሎ ተገትሯል ጅማቱ።
“ከመቼ?” “ከማጣሪያው።” “ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?” ዝም።
“በቀን አሥር።” “በሌሊትስ?” ጣቱን ሳብ አደረገ። “እንጃ፤ አልቆጥርም።”
የቅርንፉድ ዘይት አፍስሼ ከሥሩ ጀምሬ ስዳስሰው
“አምስት ጣት እኩል አይደለም” ይላል ሰው፤
የዚህ ልጅ ግን አንዱ ጣት አራቱን ተሸክሟል፤
ሩጫው፣ ቅጣት ምቱ፣ ፍርሃቱ፣ ሁሉም እዚያ ታጭቋል።

ማታ ለባሌ ነገርሁት፣ ከጀልባው ሞተር ሥር ተንጋልሎ፤
“ሚስቴ አውራ ጣት ታሻለች!” ሳቀ፣ እስኪያስለው፣ ጉሮሮው ተቃጥሎ።
“አንተስ” አልሁት፣ “ይህን ሁሉ ብሎን በምንህ ነው የምትፈታ?”
እጁን ገልብጦ አየ፤ ግራሶ የጠጣች ጣት። ዝም አለ ለአንዳፍታ።

ከኤርሜክ ጋር የሚያድር የነጻ ትግል ተፋላሚ፣ ጆሮው እንደ ደረቀ እንጉዳይ፣
“ተቀምጦ ሜዳሊያ? ጉድ ነው!” ይላል፣ ብቅ ብሎ ከበሩ ላይ።
ኤርሜክ አይመልስም። ጣቱን ከበረዶ ኩባያ ነክሮ
ያያል፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ፣ ውኃው ላይ አቀርቅሮ።

ግማሽ ፍጻሜ። ተጋጣሚው ታናኮርን፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ የታይላንድ፤
በሰባኛው ደቂቃ ኤርሜክ ሁለት አግብቷል፤ ያኛው አንድ።
ያኔ ነው ነጎድጓዱ የወረደው፤ ዝናቡ ጣራውን ደበደበ፤
ጎሉንም፣ ሰዓቱንም፣ ሃያ ሁለቱንም ሰው፣ ጨለማው ባንድ ሰበሰበ።

መብራት ሲመለስ ዳኛው ደንቡን ገለጠ፦ “ከዜሮ፤ ከመጀመሪያው።”
የኤርሜክ ፊት አመድ መሰለ፤ አፉ ተከፈተ፤ ቃል ግን አልወጣው።
ያገባኸው ጎል የት ይሄዳል? ማን ይመሰክርልሃል?
መረብ አልተነካ፣ ሣር አልተረገጠ፤ ጥላ በጥላ ይጠፋል።

ፊሽካ ተነፋ። ኤርሜክ ኳሱን አስጀመረ። ከወዲያ ማንም አልደረሰ፤
ታናኮርን ጆይስቲኩን አስቀምጦ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ አበሰ።
ተከላካዮቹ ጌታ እንደሌላቸው ይዞራሉ።
አዳራሹ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ገባው፤ ጸጥ አለ።
ኤርሜክ ከጎሉ አፍ ደርሶ ቆመ፤ ጣቱ ዘገየ፤ ዋለለ፤
ዘወር ብሎ አየው። ያኛው በአገጩ “አግባ” አለው፤
አገባ። አንድ ለዜሮ። የተወሰደበትን ያህል፤ ያው።
ታናኮርን መነጽሩን ሰካ። “አሁን” አለ። ምሕረቱ በዚያው አበቃ፤
ሦስት ጎል አገባበት፤ የመጨረሻው ሲገባ በረኛው እንኳ አልነቃ።

ማታ ተፋላሚው በሩን ሞልቶ ቆመ። “አሸነፈ?” አለኝ።
“ተሸነፈ።” “ታዲያ ለምን ይስቃል?” መልስ አጠረኝ።
ከአልጋው ጫፍ ቁጭ አለ፤ “እስቲ፣ ጣትህን አሳየኝ” አለው፤
እንደ ወፍ ጫጩት፣ በሁለት መዳፉ ያዘው።

ዕቃዬን ስሰበስብ ደጁ ተንኳኳ፤ መነጽራሙ ነው፤ አፍሮ፤
የቀኝ አንጓውን በግራ እጁ አቅፎ፣ እንደ ሰረቀው ዕቃ ሰውሮ።
“ወጌሻ፣ እኔንም።” ዘይቱ አልቆ ነበር፤ የጠርሙሱን ቂጥ መታሁ፤
ሦስት ጠብታ ወረደ። አንጓውን ከመዳፌ አስገብቼ ያዝሁ፤
ከቆዳው ሥር አንዲት ጅማት፣ ማንም ያላያት፣ ማንም ያልጮኸላት፣
ትርገበገባለች፣ ትርገበገባለች፤
ነገ ፍጻሜ አላት።